ከመርፌው በኋላ ያሉት ደቂቃዎች፦ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የደም ግፊት መውረድን የመከላከል ታሪክ፣ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ሲታይ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን የሚያቀናው አውራ ጎዳና አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ የሚባለው ገደል ይጀምራል፤ መንገዱም በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆረጠው ጠመዝማዛ እየተጠቀለለ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በስተምሥራቅ በኩል ደግሞ የጃናሞራና የበየዳ ደጋ ከደባርቅም በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ለአገር ጎብኚ ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ውበት ነው። ለጤና ባለሙያ ግን ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛና በአምቡላንስ የምትወጣበት ወይም የምትወርድበት መንገድ ነው።

እንዲህ ያለችው እናት ደባርቅ ወይም ዳባት ሆስፒታል ደርሳ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ሲወሰን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣት በጀርባ አጥንት መካከል በሚገባ ቀጭን መርፌ የሚከናወነው፣ በተለምዶ ስፓይናል የሚባለው ሰመመን ነው። መድኃኒቱ በገባ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እናቲቱ «አጥወለወለኝ»፣ «ዓይኔ ጨለመ» ስትል ልትሰማ ትችላለች፤ ታዛጋለች፤ ላብ ያሰጥማታል። ቀደም ሲል 120 ያሳየው መለኪያ አሁን 75 ያሳያል። በዚያች ሰዓት በእንግዴ ልጁ በኩል ለፅንሱ የሚደርሰው ደም አብሮ ይቀንሳል። ነገሩ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የወጣ ጥናት፣ በስፓይናል ሰመመን በቀዶ ሕክምና ከወለዱት እናቶች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የደም ግፊት መውረድ መታየቱን አመልክቷል።

በዚህ ጽሑፍ ለመዳሰስ የተሞከረው ሐኪሞች ይህን አደጋ እንዴት እንዳወቁትና ለመከላከልም ከመቶ ዓመት በላይ ምን ሲያደርጉ እንደቆዩ ነው። ታሪኩን የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። መከላከያው ለረጅም ጊዜ ሲፈለግ የኖረው ከመርፌው በፊት ነበር፤ በኋላ የተገኘው ግን ከመርፌው በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ይህ ልዩነት በከፍተኛ የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ የአሠራር ዝርዝር ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ በደባርቅና በዳባት ግን የእናትና የልጅ ሕይወት ጉዳይ ነው።

የአደጋው ምክንያት ለአንባቢው እንግዳ አይደለም። መድኃኒቱ የሚያደነዝዘው የስሜትና የእንቅስቃሴ ነርቮችን ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮችን ጠበብ አድርገው የሚይዙትን ሲምፓቴቲክ ነርቮች ጭምር ነው። ሥሮቹ ሲላሉ ደሙ በእግርና በሆድ ዕቃ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል። በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል፦ በጀርባዋ ስትተኛ የከበደው ማኅፀን ከታችኛው አካል ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው መደንዘዝ እስከ ጡት ጫፍ ድረስ መውጣት ስላለበትም፣ ነርቮቹ የሚያዙት በሰፊው ነው።

ይህን መገንዘብ የተቻለው ግን የደም ግፊትን መለካት ከተቻለ ወዲህ ነው። ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም በክንድ ላይ የሚጠመጠመውንና በአየር የሚነፋውን መለኪያ ከቶሪኖ ከተማ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ነበር። ዓመቱ ለእኛ የዓድዋ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ የዓድዋን ቁስለኞች ሊያክም አዲስ አበባ ገብቷል። የቁስለኛን ድካም ለማወቅ በዚያን ጊዜ የነበረው መንገድ ግን በአውሮፓም ቢሆን የእጅን ትርታ በጣት ዳብሶ፣ የፊትን ቀለም አይቶ መገመት ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1898፣ አውጉስት ቢር የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በኪል ከተማ ኮኬይንን በጀርባ አጥንት ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ በመስጠት የመጀመሪያውን ስፓይናል ሰመመን ፈጸመ። በኋላም ዘዴውን በራሱና በረዳቱ በሂልደብራንት ላይ ሞከረው፤ ሁለቱም ለቀናት የራስ ምታት ተሠቃዩ። ቢር የራስ ምታቱን፣ ማቅለሽለሹንና ማስመለሱን በጥንቃቄ ጽፎ አስቀምጧል። ከማቅለሽለሹ በስተጀርባ የደም ግፊት መውረድ ሊኖር እንደሚችል ግን የሚያይበት መሣሪያ በእጁ አልነበረም። መለኪያውና አደጋው በሁለት ዓመት ልዩነት ተወልደው፣ ሳይተዋወቁ ዓመታት አለፉ ማለት ነው።

ያስተዋወቃቸው ሰው አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ ሊባል ይችላል። ኩሺንግ ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ ከጓደኛው ከኤርነስት ኮድማን ጋር በቦስተን በኤተር ለሚደነዝዙ ሕሙማን የትርታና የትንፋሽ መመዝገቢያ ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ የምንሞላው የሰመመን ቅጽ የዚያ ወረቀት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ኩሺንግ በጣሊያኗ ፓቪያ ከተማ የሪቫ ሮቺን መለኪያ በሕሙማን አልጋ ላይ ሲሠራ ተመለከተ፤ አንዱን ይዞ ወደ ባልቲሞር ተመለሰ፤ የደም ግፊትንም በቅጹ ላይ ጨመረ። በ1903 ሐሳቡን በቦስተን ሲያቀርብ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተመደበው የሃርቫርድ ሐኪሞች ኮሚቴ፣ የሠለጠነ ሰው ጣት ከመለኪያው ይበልጣል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ዛሬ ላይ ሆኖ በኮሚቴው መሳቅ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ሐሳባቸው ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። የሪቫ ሮቺ መለኪያ ራሱ ይሠራ የነበረው በጣት ነው፦ ክንዱ ሲነፋ ትርታው የሚጠፋበትንና ሲለቀቅ የሚመለስበትን ቁጥር በመዳበስ። በስቴቶስኮፕ ማዳመጥን ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ያስተማረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። መብራት ሲጠፋና የኤሌክትሪክ መለኪያው ዝም ሲል፣ በመዳበስ የሚገኘው ቁጥር ዛሬም ለአንዲት እናት በቂ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የኮሚቴው ስሕተት ጣትን ማመኑ አልነበረም፤ ጣት የሚያስታውሰው ነገር በወረቀት ካልሰፈረ ነገ ሌላ ሰው ሊማርበት እንደማይችል አለማየቱ ነበር።

የመመዝገብ ነገር ከተነሣ፣ ዳባትን በዚህ ረገድ የሚተካከል ወረዳ በአገራችን ብዙ አይደለም። ታሪኩ ከጎንደር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ከደረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1978 በጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ከነበረው ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ኮሌጁ በዳባት ወረዳ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ሥራ ጀመረ። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ቀዬውን ለቆ እንደሄደ ይመዘግባሉ። ሞት ሲያጋጥምም ቤተሰቡን በመጠየቅ የሞቱን ምክንያት ለማጣራት ይሞከራል።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ሊደርስበት የማይችል ቦታ አለ። አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሳለች ደም ግፊቷ ወርዶ ብትሞት ወይም ልጇ ታፍኖ ቢወለድ፣ ባልና እናት የሚያውቁት «ከገባች በኋላ አልወጣችም» ወይም «ልጁ ሳያለቅስ ተወለደ» የሚለውን ነው። የቀረውን የሚያውቀው የሰመመኑ ቅጽ ብቻ ነው። ቅጹ ካልተሞላ፣ ወይም ሁሉም ካለፈ በኋላ በግምት ከተሞላ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው መዝጋቢ የቱንም ያህል ትጉ ቢሆን ምክንያቱን ሊያገኘው አይችልም።

ወደ መከላከያው ታሪክ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1907 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም አርተር ባርከር መድኃኒቱን ከግሉኮስ ጋር ቀላቅሎ ክብደቱ ከአከርካሪው ፈሳሽ እንዲበልጥ አደረገ። ይህም መድኃኒቱ እንደ ሕመምተኛው አተኛኘት ወዴት እንደሚወርድ መገመት አስቻለ። ዛሬ በየሆስፒታሎቻችን «ሄቪ» እየተባለ የሚጠራው ቡፒቫኬይን የዚህ ሐሳብ ወራሽ ነው። በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ ያስተማረው ፈረንሳዊው ጋስቶን ላባ ደግሞ፣ ደም ወደ አንጎል እንዲደርስ ሕመምተኛው ራሱ ዝቅ ብሎ እንዲተኛ አጥብቆ ይመክር ነበር። ምክሩ እውነት አለው፤ ከባርከር ግኝት ጋር ሲገናኝ ግን ወጥመድ ይሆናል። ክብደት ያለው መድኃኒት ገና ሳይረጋ ራስን ዝቅ ማድረግ መደንዘዙን ወደ ደረትና ወደ ላይ ይስበዋልና። ግፊቱ ሲወርድ እግርን ብቻ ከፍ ማድረግ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒት በኩል የመጀመሪያው መሠረታዊ ለውጥ የመጣው ከቻይና ነው። ማ ሁዋንግ ከሚባለው የቻይና ባሕላዊ መድኃኒት የሚገኘው ኤፌድሪን የደም ግፊትን ከፍ የማድረግ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1924 በፔኪንግ በቼንና በሽሚት ጥናት ተገለጠ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1927፣ አሜሪካ ውስጥ በስፓይናል ሰመመን ጊዜ ግፊትን ለመያዝ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ለሰባ ዓመት ያህል በዓለም ዙሪያ የማዋለጃ ሰመመን ቀኝ እጅ ሆኖ ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ኤፌድሪንን የያዘው በወሊድ ጊዜ በስፓይናል ሰመመን የሚመጣውን የደም ግፊት መውረድ ለመከላከል መሆኑን ለይቶ በመግለጽ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት አንድ ሳንቲም እንኳ የማያስወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ያለች ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ስትተኛ ያለ ምንም መድኃኒት ግፊቷ ሊወርድ እንደሚችልና በጎኗ ስትዞር ወዲያው እንደሚመለስ አሳዩ። ከዚያ በኋላ እናቲቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ማስተኛት፣ በቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ ወይም የተጠቀለለ አንሶላ ማድረግ የተለመደ ትምህርት ሆነ። የዚህም ታሪክ ቀጥ ያለ አይደለም። በኋላ በማግኔት ምስል በተደረገ ጥናት 15 ዲግሪ ማዘንበል ሥሩን ከጫናው እንደማያላቅቀውና 30 ዲግሪ ገደማ እንደሚያስፈልግ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በኒው ዮርክ፣ በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና በመጡ ጤነኛ እናቶች ላይ፣ ግፊቱ በመድኃኒት ያለማቋረጥ ከተጠበቀ አለማዘንበሉ በሕፃኑ ደም ላይ ለውጥ እንዳላመጣ ተዘገበ። ይህን ያነበበ ወጣት ባለሙያ ትራሱን ከማውጣቱ በፊት «ግፊቱ በመድኃኒት ያለማቋረጥ ከተጠበቀ» የሚለውን ሐረግ ደግሞ ማንበብ አለበት። መድኃኒት በሚያንጠባጥብ ፓምፕ የታገዘችው የኒው ዮርክ እናት ሌላ ናት፤ በአንድ ባለሙያ እጅና በአንድ ሲሪንጅ የምትጠበቀው የዳባት እናት ሌላ ናት።

አሁን ወደ ግሉኮሱ እንምጣ። ሕዝባችን በደም ሥር የሚሰጥን ፈሳሽ ሁሉ፣ ሳላይንም ይሁን ሪንገር ላክቴት፣ ግሉኮስ ይለዋል፤ ከሕክምናም ሁሉ የከበረ አድርጎ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር እኛም ከሕዝቡ ብዙ አንርቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 ወልማንና ማርክስ የተባሉ ሐኪሞች ከሰመመኑ በፊት ፈሳሽ በብዛት መስጠት ግፊቱ እንዳይወርድ እንደሚረዳ ከዘገቡ ወዲህ፣ «መጀመሪያ አንድ ሊትር፣ ከዚያ መርፌ» የሚለው ትምህርት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖረ። ሥርዓቱ ያምራል፤ ለማስታወስም ይቀላል። ባለሙያውም አንድ ነገር እንደሠራ ስለሚሰማው ይረጋጋል።

ትምህርቱን በብርቱ የፈተነው ጥናት የወጣው ከዚሁ ከአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ራውትና ባልደረቦቹ ለአንዱ ወገን እናቶች ከሰመመኑ በፊት በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሰጡ፤ ለሌላው ወገን አልሰጡም። ፈሳሹን ካላገኙት መካከል በ71 በመቶው፣ ካገኙት መካከል ደግሞ በ55 በመቶው ላይ ግፊቱ ወረደ። ልዩነት አለ፤ ግን ከተሰጣቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም አልዳኑም። ምክንያቱም የሚሰጠው ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥር ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ሥሮቹ በሚላሉበት ሰዓት ከፊሉ ወጥቶ ሄዷል። የጥናቱ ባለቤቶች መደምደሚያ ለጊዜው ደፋር ነበር፦ ፈሳሹ እስኪያልቅ ተብሎ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊዘገይ አይገባም። ኋላ የመጡ ጥናቶችም ፈሳሹ በፍጥነት ሊገባ የሚገባው መርፌው ከተወጋበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ሥሮቹ በሚሰፉበት በዚያው ሰዓት መሆኑን አመለከቱ።

ይህ ለደባርቅ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከአዲ አርቃይ ቆላ የመጣችውን እናት እናስብ። ሌሊቱን በምጥ አሳልፋለች፤ ውኃ ከጠጣች ቆይታለች፤ አፏ ደርቋል፤ ሊማሊሞን በአምቡላንስ ወጥታለች። የፅንሱ የልብ ምት ቀንሷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። በድርቀት ያጣችውን ውኃ መተካት ሕክምና ነው፤ ይህም ገና በር ላይ ሳለች፣ ከተቻለም በአምቡላንሱ ውስጥ መጀመር አለበት። ከዚያ በላይ «ለስፓይናሉ» ተብሎ ሌላ አንድ ሊትር እስኪወርድ ቆሞ መጠበቅ ግን የ1968ቱን ልማድ ማክበር እንጂ እናቲቱን መጠበቅ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያልፋል፤ ለታፈነ ፅንስ ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው።

ፈሳሹ ብቻውን የማይበቃ ከሆነ በቂው ምንድን ነው? መልሱ ይበልጥ እየጠራ የመጣው ከሆንግ ኮንግ በወጡ ጥናቶች ነው። ኤፌድሪን የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ እንደሚገባና በብዛት ሲሰጥ የሕፃኑን ደም አሲዳማነት እንደሚጨምር እየታወቀ ሲመጣ፣ ቀደም ሲል የማኅፀንን ደም ይቀንሳል ተብሎ ይፈራ የነበረው ፌኒልኤፍሪን እንደገና ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ንጋን ኪና ባልደረቦቹ ፌኒልኤፍሪንን ከመርፌው በኋላ ወዲያው በማንጠባጠብና ፈሳሹንም በዚያው ሰዓት በፍጥነት በመስጠት ከ53 እናቶች በአንዷ ላይ ብቻ ግፊቱ እንደወረደ ዘገቡ። በደርባን ከመርፌው በፊት በተሰጠ ፈሳሽ ከግማሽ በላይ የነበረው፣ እዚህ ከሃምሳ አንድ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ጥናቶች በተለያየ ቦታና ሁኔታ የተደረጉ ስለሆኑ በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ አቅጣጫቸው ግን ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ይህን አጸና። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር እናቲቱ ከሰመመኑ በፊት ከነበራት ከ90 በመቶ በታች እንዳይወርድ መጣር፣ ከ80 በመቶ በታች ከሆነም ሳይዘገዩ ማከም፤ ግፊት የሚያነሣውን መድኃኒት ግፊቱ እስኪወርድ ሳይጠብቁ መጀመር፤ ማኅፀኑን ወደ ግራ ማድረግ፤ ፈሳሹን ከመርፌው ጋር መስጠት። ልብ ሊባል የሚገባው መለኪያው የእናቲቱ የራሷ ቁጥር መሆኑ ነው። 90 የሚለው የተለመደ ወሰን ለሁሉም አይሠራም፤ 140 ሆና ለገባች እናት 95 ትልቅ ውድቀት ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት በእርግጥ የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር የፈሳሽ ሊትር ሳይሆን በትክክል የተለካና የተጻፈ ቁጥር ነው።

ፌኒልኤፍሪን በሌለበት፣ ፓምፕም በማይገኝበት ቦታ መርሑ አይሻርም። ኤፌድሪን ካለ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ተበጥብጦ፣ በሲሪንጅ ተቀድቶ፣ ስሙና መጠኑ ተጽፎበት በእጅ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ አትሮፒንም እንዲሁ። ኤፌድሪን ከጠፋ አንድ ሚሊ ግራም አድሬናሊን በ100 ሚሊ ሊትር ሳላይን ሲበጠበጥ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ይይዛል፤ ከዚህ በትንንሹ እየለኩ መስጠት ይቻላል። በጥባጩ በርጋታ ሊሠራው የሚገባ ነገር ነውና እናቲቱ እያስመለሰች ሳለ አምፑል መስበርና ማስላት አይጀመርም። እግርን ከእግር ጣት እስከ ጭን በፋሻ አጥብቆ መጠቅለልም በተለያዩ ጥናቶች ጥቅሙ ታይቷል፤ የሚፈልገውም ፋሻና አምስት ደቂቃ ነው። ይህ ቀላል ዘዴ በየሆስፒታሎቻችን ከሚገባው በታች የሚሠራበት ምናልባት ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ደጋው ሕዝብ ደም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ በምትገኘው አምባራስ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በዚያ ከፍታ የሚጠበቀው የሄሞግሎቢን መጨመር አልተገኘም፤ የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን የኦክሲጅን ሙሌታቸውም 95 በመቶ ያህል ነበር። ይህም በባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖር ሰው እጅግም የማይለይ ነው። ግኝቱ በሳይንሱ ዓለም ብዙ ተወርቶለታል፤ ለሰመመን ባለሙያ የሚሰጠው ትርጉም ግን እምብዛም አይነሣም። «የደጋ ሰው ደሙ ብዙ ነው፣ ይችላል» የሚለው ግምት በአምባራስ ሰዎች ላይ መሠረት የለውም። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ የመጣች እናት ደም ሲፈሳት ከሌላው የተለየ ትርፍ የላትም። ከቆላው በኩል የምትመጣዋ ደግሞ በወባና በተደጋጋሚ ወሊድ ደሟ አስቀድሞ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም ግፊትን ከመከላከል ሁሉ የሚቀድመው ስፓይናሉን መስጠት የሌለብን ለማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ማኅፀኗ ተቀዶ ወይም የእንግዴ ልጁ ተላቆ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት በሕይወት ያለችው ሥሮቿ በመጥበባቸው ነው፤ ስፓይናሉ ይህን የመጨረሻ መከላከያዋን ይነጥቃታል። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሕክምና የተፈቀደው ኬታሚን በገጠር ሆስፒታሎች ባለውለታ ሆኖ ቆይቷል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አጠገብ በደረሰበት ጊዜ ለቁስለኞችም የሚሠራው መርሕ ይኸው ነበር። ያም ሆኖ ኬታሚን ደም አይተካም፤ አቅሙ ለተሟጠጠ ሕመምተኛ በሙሉ መጠን ሲሰጥ እርሱም ግፊትን ሊጥል ይችላል።

የቀረው የሰው ጉዳይ ነው። የደቡብ አፍሪካ የእናቶች ሞት ምርመራ ሪፖርቶች ለዓመታት ደጋግመው እንዳሳዩት፣ በወረዳ ሆስፒታሎች ከሰመመን ጋር ተያይዘው ከሚደርሱ ሞቶች ዋነኛው ምክንያት በስፓይናል የሚመጣ የግፊት መውረድ ነበር። አንድ ሐኪም ሰመመኑን ሰጥቶ፣ ጓንት ቀይሮ፣ ራሱ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርግበት ልማድም በሪፖርቶቹ ተወግዟል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ በማስተርስ ደረጃ የሚሠለጥኑ ጤና መኮንኖች፣ ከሰመመን ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ ቀዶ ሕክምናን ወደ ወረዳ ከተሞች አውርደውታል። ጤና መኮንንን ለአገሪቱ ያስተዋወቀው የ1947ቱ የጎንደር ኮሌጅ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ለአካባቢው ኩራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጀመረው የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና መርሐ ግብርም ሥራውን በአገር ደረጃ ለማጠናከር የታለመ ነበር። ሆኖም በሌሊት ፈረቃ አንድ የሰመመን ባለሙያ ብቻ በሚገኝበት ሆስፒታል፣ ሕፃኑ ሳያለቅስ ሲወለድ ያው ባለሙያ እናቲቱን ትቶ ወደ ሕፃኑ እንዲሮጥ ይጠራል። ለሕፃኑ ትንፋሽ የሚሰጥ ሌላ የሠለጠነ ነርስ ወይም አዋላጅ አስቀድሞ ተመድቦ መገኘት የእናቲቱን የደም ግፊት የመከላከል አካል ተደርጎ መታየት ይኖርበታል።

ስለ ቅጹም አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በአብዛኛው የሰመመን ቅጽ የተሠመረው በየአምስት ደቂቃው ለመመዝገብ ነው። ከመርፌው በኋላ ያሉት ዐሥር ደቂቃዎች፣ ማለትም ግፊቱ ብዙ ጊዜ የሚወርድባቸው፣ በቅጹ ላይ የሚያገኙት ሁለት ሣጥን ብቻ ነው። ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ በየደቂቃው መለካት እንደሚገባ ብናስተምርም፣ የምንሰጠው ወረቀት ይህን ለመጻፍ ቦታ የለውም። የራሱን ቅጽ የሚያባዛ ማንኛውም ሆስፒታል በኅዳጉ ላይ ዐሥር ትንንሽ ሣጥኖች፣ ከእነርሱም በፊት እናቲቱ ስትገባ የነበራት ቁጥር የሚሰፍርበት አንድ ሣጥን ቢጨምር ወጪው የቀለም ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ የሆስፒታሉ የሰመመን ባለሙያዎችና ቀዶ ሐኪሞች እነዚያን ሣጥኖች ከሕፃናቱ የአፕጋር ውጤት ጋር አስተያይተው ለማንበብ የሚያስፈልጋቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።